አሮጌው ላንድ ክሩዘርና ትንሿ መኪና፤ ለነጋዴ የትኛው ይበጀዋል?

ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራና ከእምድብር ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚነግድ ሰው መኪና ለመግዛት ሲያስብ በሁለት ሐሳብ መካከል እንደሚያመነታ የታወቀ ነው። አንደኛው ሃያ ዓመት ያለፈው ላንድ ክሩዘር፣ ሁለተኛው እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ያለችው በቅርብ የተሠራች ትንሽ መኪና ናት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ ገዢው ዓይኑን የሚጥለው ቀደም ብለው በገቡት ላይ ነው።

ሂሳቡን ከነዳጅ እንጀምር። ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 310 ይሆናል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ለመቶ ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ቢፈጅ ለአንድ ምልልስ 40 ሊትር ይጠይቃል። ባለ 1.2 ሊትሯ የቤንዚን ሞተር ግን በ6 ሊትር ሂሳብ ከ19 ሊትር አታልፍም። በየሳምንቱ ለሚመላለስ ሰው ልዩነቱ በዓመት ከሺህ ሊትር በላይ ነው። የጎማውና የሞተር ዘይቱ ወጪም እንዲሁ ወደ ትልቁ ያደላል።

ነገር ግን ነዳጅ ብቻውን ፈራጅ አይሆንም። የጉራጌ ነጋዴዎች በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማውጣታቸው አይዘነጋም፤ ሆኖም ከዋናው ጎዳና ወጥቶ በቸሃ መንደሮች መካከል ለሚገባ ሰው የክረምቱ ጭቃ ዛሬም ጭቃ ነው። ትንሿ መኪና ከመሬት የምትነሣው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዚያ ሆዷ ይነካል። ከገበሬ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ እንግዲህ አሮጌውን ቢይዝ አይፈረድበትም። የዚያ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ ያለ ኤሌክትሪክ ኮምፒዩተር የሚሠራ በመሆኑ፣ የአውራጃ ከተማ መካኒክም ይፈታዋል፤ የትንሿን ሕመም ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ የምርመራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው በመኪናው ላይ የሚታሰረው ገንዘብ ነው። ለደኅና ላንድ ክሩዘር የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከትንሿ ይበልጣል፤ ያ ትርፍ ገንዘብ በሱቅ ውስጥ ዕቃ ሆኖ ቢቀመጥ በዓመት ስንት ጊዜ ይገላበጥ ነበር? ባለ መኪናው «ዋጋው አይወድቅም» ይላል፤ እውነት ነው፤ ግን ቆሞ የሚውል ብረት አይነግድም። ለመስቀል አገር ቤት በክብር ለመግባት ብቻ የሚገዛው ሰው ደግሞ ለእነዚያ ቀናት ቢከራይ ይሻለዋል።

አሮጌውን የመረጠ ገዢ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠም ሻጩን ይጠይቅ፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ያለበት ይህ ቺንጋ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹን ያበላሻል። የቀድሞውን የለውጥ ቀን የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለ፣ የአዲሱን ቺንጋ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሶ በገዛበት ሳምንት ያስለውጠው።