መሬት ላልደረሰው ልጅ ሙያው ይበቃዋል?

በእኛ በጎዛምን ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቷ ወገን አስቀድሞ የሚጠይቀው ‹‹ልጁ ስንት ጥማድ መሬት አለው?›› ብሎ ነበር። ዛሬ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ወጣት ጥቂት ነው። በክልላችን መሬት በሰፊው የተሸጋሸገው ለመጨረሻ ጊዜ በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ተስፋው ወላጁ ቆርሶ የሚሰጠው ነው። እኔ ያለኝ አራት ጥማድ፣ አንድ ሄክታር ገደማ ነው፤ ልጆቼ ደግሞ አምስት ናቸው። ለልጅ ልጆቼ ምን ይተርፋል?

የበኩር ልጄ ልጅ ብየዳ ተምሮ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠባብ ቤት ተከራይቶ በርና መስኮት ይሠራል። አምና ሽማግሌ ብንልክለት የልጅቷ ዘመዶች ‹‹ቀጥቃጭ ነው እንዴ?›› ብለው ፊት ነሱን። አፄ ምኒልክ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነንና ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ንቀቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

አባትዮው ብቻ ‹‹የሥራው ስም አይገደኝም፤ ሁለት ሰው ያኖራል ወይ?›› አሉ። ደግ ጠየቁ።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራን። አንድ በር በ12,000 ብር ሸጠ እንበል። ለብረት 7,500፣ ለኤሌክትሮድ፣ ለቀለምና ለመብራት 1,000፣ ለቤት ኪራይ 1,000 ሲነሳ ለእሱ የሚቀረው 2,500 ብር ነው። በወር አራት በር ከሠራ 10,000 ያገኛል። መብራት በጠፋበት ወር ያንሳል። ቀብድ ደግሞ ገቢ አይደለም፤ የደንበኛው ብረት መግዣ ነው። ቀብዱን የበላ ሰው ሥራውን የሚጨርሰው ተበድሮ ነው።

እኛ አያቶችስ? በየወሩ ብር ከመላክ እስከ መኸር የሚበላውን ጤፍ መስጠት ይሻላል፤ የሚያበቃበት ቀንም አስቀድሞ ይነገረው። መበየጃ ለመግዛት ዕቁብ ከገባ እናበርታው። ከሁሉም በላይ ‹‹የልጄ ልጅ ነው›› ብለን በነፃ ወይም በዱቤ አናሠራው። እኔ የቤቴን በር ያሠራሁት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፍዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ። ይዘው የሚሄዱት የመሬት ደብተር አይደለም፤ ልጁ የስድስት ወር ገቢና ወጪውን የጻፈበትን ደብተር ነው።