መንገዱ የፈረሱም የመኪናውም ነው



«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ከመኪናም ጋር ቢሆን አይዋጋም። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ፈረሰኛውም፣ የተጫነው አህያም፣ አይሱዙውም አብረው ይሄዳሉ። መኪና በማይገባበት ጎጥ በሽተኛን የሚያደርስ፣ እህል የሚያወጣ ፈረስ ነው። እሱ ተገጭቶ ቢሞት ቤቱ እግሩን አጣ ማለት አይደለም ወይ?

እንግዲህ አንደኛ፣ የፈረስን ዓይን እንወቅ። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ሥር ያለውን ግን አያይም። መኪና ከኋላ ሲመጣ ድምፁን ይሰማል፣ ነገሩን አያየውም፤ ስለዚህ ይደነብራል። ያን ጊዜ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መቆም፣ አንገቱንም በልጓም መለስ አድርጎ መኪናውን ማሳየት ነው። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው፤ ፈረሰኛም የቀኙን ዳር ይያዝ። እየሳባችሁት ከሆነ ፈረሱ በዳር፣ እናንተ በመኪናው በኩል ሁኑ። ጎን ለጎን መጋለብ ይቅር፤ ተከታትሎ መሄድ ይሻላል። ሾፌርም ፈረስ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ክላክስ አያስጩህ።

ሁለተኛ፣ ጉሙን እናስብ። ጥቁር በርኖስ ከብርድ ያድናል፤ በጉምና በምሽት ግን ለሾፌር አይታይም። ከላዩ ነጭ ነጠላ ጣል ማድረግ ምን ይከብዳል?

ሦስተኛ፣ ሕጉን እንወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንደሚለው፣ እንስሳው አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። «ገመዱን በጥሶብኝ ነው» ማለት አያድንም። በአንቀጽ 2081 ደግሞ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለመኪናው ኃላፊ ነው፤ እሱም «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ አያመልጥም። ሕጉ ለሁለቱም ነው።

አራተኛ፣ ፈረስ መያዝ ማለት ኮርቻ መጫን ብቻ አይደለም። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ጨጓራውም ትንሽ ነው። ገብሱን በአንድ ጊዜ ከመዘርገፍ ድርቆሹን ከፋፍሎ ቀኑን ሙሉ ማብላት ይሻላል። ፈረስ ማስታወክ አይችልምና ሆዱ ሲነፋ ቁርጠቱ ሊገድለው ይችላል። ሰኮናው ሲያድግ ይከርከም። ጀርባው ገጣባ ከሆነ እስኪድን ኮርቻ አይነካው። ኧረ ያመመው ፈረስ እኮ ነው መንገድ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው!

ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ይህን ላልቆጠረው ጎረቤትና ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ፈረሱን ውኃ ሊያጠጡ መንገዱን የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ናቸውና።