የጋማ ጨረር ቴሌስኮፖች «እርጅና»፤ አንድ ቃል ወይስ ሦስት?

የሥነ ፈለክ ጽሑፎችን ስንተረጉም ከሚያጋጥሙን ችግሮች አንዱ፣ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራውን የመሣሪያ እርጅና በአማርኛ መግለጽ ነው። «አረጀ» ብንል የሚበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ በቋንቋችን ያረጀ ነገር ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ በኅዋ ካሉት የጨረር መቀበያዎች ግን የሚመለሱ አሉ። ስለዚህ ከስያሜው አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀው የኮምፕተን መንኩራኩር ኢግሬት የተባለ መሣሪያ ነበረው። ይህ መሣሪያ የጋማ ጨረርን ዱካ የሚከታተለው በጋዝ በተሞላ ክፍል ውስጥ ነበር። ጋዙ ከጊዜ ብዛት ስለሚበላሽ ከተያዘው ስንቅ ይተካ ነበር፤ ስንቁ ሲመናመን ግን መሣሪያውን በቁጠባ መጠቀም ግድ ሆነ። የላም ወተት ወይም የምንጭ ውሃ እንደሚነጥፍ ሁሉ፣ ለዚህ «መንጠፍ» የሚለውን እንመርጣለን።

እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀው ፌርሚ ደግሞ የጨረሩን ኃይል የሚለካው በሴዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች በሚፈነጥቀው ብርሃን ነው። የኅዋው ጨረር ክሪስታሎቹን ስለሚጎዳ ብርሃናቸው ከዓመት ወደ ዓመት በጥቂቱ ይቀንሳል። ጉድለቱ የሚታረመው በስሌት እንጂ በጥገና አይደለም። ይህን «መፍዘዝ» እንለዋለን።

ሦስተኛው የአውሮፓ የኅዋ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያመጠቀው ኢንቴግራል ነው። ኅዋን የሚያቋርጡ ቅንጣቶች በ19ኙ የጀርማኒየም መቀበያዎቹ ውስጥ የአቶሞችን አሰላለፍ ስለሚያዛቡ፣ ተቀራራቢ የኃይል መጠኖችን የሚለይበት ስለቱ ይቀንስ ነበር። ሆኖም በየጊዜው እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለቀናት ሲሞቁ ስለቱ ይመለስ ነበር። ይህ ሞረድ እንደሚጠብቅ ቢላዋ «መዶልዶም» ነው። ለሕክምናው «ማሟሸት» የሚለውን አስበን ነበር፤ ዳሩ ግን የሚሟሸው አዲስ ምጣድ ነው፤ እዚህ የሚሞቀው ያገለገለ ዕቃ ነው። ስለሆነም «በሙቀት ማደስ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ልዩነቱ የቃላት ማሳመሪያ ብቻ አይደለም። ኮምፕተን እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2000 ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የወረደው በእርጅና ሳይሆን፣ ከአቅጣጫ መጠበቂያ ጋይሮስኮፖቹ አንዱ በመበላሸቱ ሆን ተብሎ ነው። ሁሉን «አረጀ» የሚል ተርጓሚ የሚታደሰውን እንደሞተ፣ የተሰበረውን እንደ ጃጀ አድርጎ ለአንባቢ ያቀርባል። «እርጅና» ለጠቅላላው ስም ሆኖ ይቆይ፤ ምክንያቱ በታወቀ ጊዜ ግን ምክንያቱን የሚናገረው ቃል ይቅደም።