74110 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? የጫካ ቡናና የነገ ገበያችን

ዛሬ የዕለቱን ዋጋ ለጊዜው እናቆየውና ከዋጋው ጀርባ ስላለው ነገር እናውራ።

የውጭ ገዢ ናሙና ሲጠይቅ "ዝርያው ምንድን ነው?" ይላል። ብዙዎቻችን "74110" ወይም "74112" ብለን እንልካለን። ቁጥሩ ግን ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ (ሲቢዲ) አገራችን ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው ማለት ነው። የጅማ ምርምር ባለሙያዎች መፍትሔ የፈለጉት ጫካ ገብተው ነው፤ በሽታውን የተቋቋሙ እናት ዛፎችን ለይተው ዘር ወሰዱ። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ሁለቱም የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ነው።

ይሄ የተቻለው ጫካችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ዘር ስላለ ነው። ላቲን አሜሪካን እዩ። የቆየው ቡናቸው በአብዛኛው ከየመን ከወጡ ጥቂት ችግኞች የተባዛ ነው፤ ቲፒካና ቡርቦን የሚባሉት። አረቢካ ደግሞ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ እናቱን ይመስላል። ዘሩ ተመሳሳይ ሲሆን አንዱን ዛፍ የያዘ በሽታ ሌላውንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 የቅጠል ዋግ መካከለኛው አሜሪካን ሲመታ መንግሥታት አስቸኳይ ጊዜ እስከማወጅ የደረሱት ለዚህም ጭምር ነው።

ጌሻንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ተለቅሞ በታንዛንያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገባ። በ2004 እዚያ ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ዓለም በውድ የሚገዛው የፓናማ ብሎ ነው። ዘሩ የኛ፣ ዋጋው የሌላ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

🔹 አርሶ አደር፦ ያረጀውን ስትነቅል ማሳውን ሁሉ በአንድ ዝርያ አትሙላው። በሽታ የማይነካው የአካባቢ ዛፍ ካለህ ጠብቀው።

🔹 ዩኒየኖች፦ የጫካ ቡና ጀንፈል ከጓሮው ጋር ከተቀላቀለ ስሙም ዋጋውም ይጠፋል። ከመግዣ ጣቢያ ጀምሮ ለዩት። ገበሬው ልዩነቱን ኪሱ ውስጥ ካላየው ጫካውን መንጥሮ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ ልንፈርድበትም አንችልም።

🔹 ላኪዎች፦ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አይገባም ይላል። የማሳውን መገኛ አሁኑኑ መዝግቡ።

ቀጣዩ በሽታ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የሚቋቋመውን ዛፍ የምንፈልገው እዚያው ጫካ ውስጥ ነው፣ ካለ።

የጫካ ቡና ለይታችሁ የሸጣችሁ ካላችሁ በኪሎ የስንት ብር ልዩነት እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። መልካም ገበያ!