ከዕንቁላሉ ትርፍ በፊት፤ ለጀማሪ ዶሮ አርቢ

በጓሮ ጥቂት ዶሮዎች ለማርባት የሚያስብ ነጋዴ ሒሳቡን ከዕንቁላሉ ሳይሆን ከአደጋው ይጀምር። እኔ ራሴ ስድስት ዶሮዎች ነበሩኝ፤ ከገበያ የገዛኋትን ሰባተኛዪቱን ዕለቱን ከነርሱ ጋር ብቀላቅላት ፈንግል ገብቶ ከአንዲቱ በቀር ሁሉንም ፈጀብኝ።

ፈንግል የያዛትን ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው ክትባት ነው፤ እርሱም በአገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ክትባቱ ቢሰጥም እንኳ አዲስ የተገዛች ዶሮ 3 ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቆይ፤ የምትበላበትና የምትጠጣበት ዕቃም የተለየ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ ገበያው ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የዕንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም። ስለዚህ የነዚህን ቀናት መኖ አስቀድሞ ያላዘጋጀ አርቢ፣ ፋሲካ ሳይደርስለት ዶሮዎቹን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።