ከሞተር ግርጌ ስለሚፈስ ዘይትና ስለ አጠጋገኑ

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚገባ፣ ይልቁንም ወደ ደጋ ዳሞት ወደ ፈረስ ቤት አገር የሚወጣ ሹም፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ድንጋይና ጭቃ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በሚገባ ያውቃል። ምርጥ ዘርና የከብት ክትባት ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚደርሰው አራቱም ጎማው በሚጎትት መኪና ነው። ስለዚህ የዚህ መኪና ደኅንነት የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእርሻም ጉዳይ ነው። በሰኔ ወር ሞተር ተቃጥሎ ቢቆም ሞተሩ በገንዘብ ይተካል፤ ያለፈው የዘር ሳምንት ግን አይተካም።

ደም ለሰው እንደ ሆነ ዘይት ለሞተር እንዲሁ ነው። ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ግርጌ በቡሎን በታሰረ፣ መካኒኮች ኮፓ በሚሉት ገበታ መሰል ዕቃ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው መምጠጫ ዘይቱን በወንፊት እየሳበ ወደ ፓምፑ ይሰጣል፤ ፓምፑም ወደሚፋተጉት ብረቶች ሁሉ ያደርሰዋል። በአገራችን በብዛት የሚታየው፣ ቶዮታ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ላንድ ክሩዘር 70፣ ባለ ስድስት ፒስቶን 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ሲኖረው ከ9 ሊትር በላይ ዘይት ይይዛል። በቀን አንድ የቡና ሲኒ የምታህል ዘይት የሚያፈስ መኪና ግን በወር ከ2 ሊትር በላይ ያጣል። ዘይቱ የጎደለ መኪና በሜዳ ያለ ችግር ሲሄድ ቢታይም፣ ዳገት ሲወጣ የቀረው ዘይት ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መምጠጫው አየር ይስባል። ብዙ ሞተር የሚጠፋው በዚህ ሰዓት ነው።

ዘይት ከኮፓ የሚፈስባቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ በኮፓውና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን በእርጅናና በሙቀት ሲደርቅ፤
2ኛ፤ የዘይት መልቀቂያው ቡሎን ከመጠን በላይ ተጠብቆ ጥርሱ ሲበላ፣ ወይም ሮንዴላው ሳይለወጥ ሲቀር፤
3ኛ፤ ድንጋይ ኮፓውን ሲሰነጥቀው፤
4ኛ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ በውስጥ የታመቀው አየር ዘይቱን በመጋጠሚያው ሲገፋው።

ድንጋይ ያጎደጎደው ኮፓ ባይፈስም እንኳ መታየት አለበት፤ ጎድጓዳው ወደ መምጠጫው ወንፊት ከተጠጋ የዘይቱን መንገድ ይዘጋልና።

ኮፓው ከመፈታቱ አስቀድሞ ዘይቱ በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ይገባል። በአራት ጎማ በሚነዳ መኪና የፊቱ ዲፈረንሻል ለኮፓው ቅርብ ስለሆነ የአንዱ ዘይት በሌላው ላይ ይንጠባጠባል። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና እንደ ድኝ የሚሸት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ግን ቶሎ ይጠቁራል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የጉዞውም ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ስለዚህ የሞተሩ ግርጌ ታጥቦና ተጠርጎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ከሁሉ በላይና ከሁሉ ፊት የረጠበው ስፍራ ምንጩ ነው። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ነውና ኮፓ መለወጥ አይጠቅምም።

ጥፋቱ የኮፓው መሆኑ ሲረጋገጥ ጥገናው በዚህ ሥርዓት ይፈጸማል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ጎማው ይደገፋል፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ሰው ሊገባ አይገባውም፤ ጽኑ ማቆሚያ ያስፈልጋል። ዘይቱ ለብ ሲል በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። ቡሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ኮፓው በካቻቪቴ ተፈልቅቆ አይወጣም፤ ጠርዙ ከተጣመመ ዳግመኛ አይገጥምምና። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ ሁለቱም ገጽ ከዘይት ፈጽሞ ይጸዳል። የጠመመ ጠርዝ ይቃናል፤ ወንፊቱም ይታጠባል። አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ ወይም ፋብሪካው ያዘዘው የሲሊኮን ሙጫ በቀጭኑና ሳይቋረጥ ይደረጋል። ቡሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር እየተፈራረቁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በፋብሪካው ልክ ይጠብቃሉ። እጅግ ማጥበቅ መፍሰሱን አያቆምም፤ ጓርኒሲዮኑን ይጨፈልቃል እንጂ። ሙጫው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ሳይሞላ ዘይት አይጨመርም።

የተሰነጠቀ የብረት ኮፓ ወርዶና ታጥቦ ሊበየድ ይችላል፤ ከመኪናው ሳይወርድ ግን መበየድ እሳት ያስነሣል። የአሉሚኒየም ኮፓ ልዩ ብየዳ ስለሚፈልግ መለወጡ ይሻላል። በመንገድ ላይ ስንጥቁን በማስቲሽ መድፈን እስከ ጋራዥ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ጥገና ተብሎ አይቆጠርም።

አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና የመኪና ባለቤቶች ሁሉ መካኒክ መሆን አያሻቸውም፤ ነገር ግን አራት ነገር ማስፈጸም ይገባቸዋል። ሾፌሩ በየማለዳው ሞተር ሳያስነሣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እንዲያይና የጨመረውን ልክ በመዝገብ እንዲጽፍ፤ ከኮፓው ሥር የድንጋይ መከላከያው ብረት ሁልጊዜ እንዲታሰር፤ ቀዩ የዘይት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት እንዲጠፋ፤ የተቀዳውም አሮጌ ዘይት በበርሜል እንዲጠራቀም። በብር ወይም በላህ ወንዝ ዳር የተደፋ ዘይት የሰውና የከብት መጠጥ ያበላሻል።

ሦስተኛው ትእዛዝ ከሁሉ ይበልጣል። አለቃው ለስብሰባ የቸኮለ እንደ ሆነ ሾፌሩ መብራቱን አይቶ ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ የሞተር ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ መኪናውን ለማቆም የደፈረ ሾፌር ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። አበው ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉና፤ ጓርኒሲዮን በሚለወጥበት ወራት ያልተለወጠ እንደ ሆነ፣ ገበሬው ዘር በሚጠብቅበት ወራት ሞተር መለወጥ ግድ ይሆናል።