በባዕድ አገር የሚያስተምር ሰውና ብርድ



ከመሥሪያ ቤታችሁ ተመርጣችሁ በአውሮፓ ቋንቋችንን እንድታስተምሩ ብትላኩ፣ አስቀድማችሁ የምትሰሙት ምክር «ብርዱን ተጠንቀቁ» የሚል ይሆናል። በወግዲ ወይም በመካነ ሰላም ደጋ ያደገ ሰው ግን «ብርድስ ከአገሬ አውቀዋለሁ» ብሎ ምክሩን ይንቅ ይሆናል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ስሕተት ነውና ጥቂት እናስረዳ።

የደጋችን ብርድ የሌሊት ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ፣ መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚያግድ ደመና አይኖርም፤ ሙቀቱ ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጥና ጎሕ ሲቀድ ውርጭ ይታያል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ውርጩ ይጠፋል። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ የወግዲ ሰውማ በዚያው ቀን ላብ ያጠምቀዋል። በጀርመን አገር ግን እንዲህ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ብርሃኑም የሚቆየው 8 ሰዓት ያህል ነው። በእኛ ደጋ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል አለው። እንግዲህ ለደገኛው አዲስ የሚሆንበት ብርዱ ብቻ ሳይሆን፣ ብርዱ ቀን የማይለቅ መሆኑና የጨለማው ርዝመት ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። እኛ የፈረንጁን የበረዶ ወራት «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናም ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ በአውሮፓ ሙቀት ነው። ስለዚህ «በክረምት ትመጣለህ» የተባለ መምህር ልብሱን ከማሰናዳቱ በፊት የወሩን ስም ይጠይቅ።

ከእኛ ወገን በጀርመን አገር ካስተማሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የዚሁ የወሎ ምድር ልጅ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ይህ ስፍራ ስሙ ከመካነ ሰላም ከተማ ጋር ቢቀራረብም ሌላ ነው፤ አፄ ናዖድ ያስጀመሩትና አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፣ በ1531 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቃጠለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ነው። አባ ጎርጎርዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ስለ ነበረ፣ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ አገራቸውን ለቀው ወጡ። በ1649 በሮም ከተማ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ያውቅ ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው፤ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። እርሳቸውም በአውሮፓ የሙቀት ወራት ደረሱ፤ ሲያስተምሩ ሰንብተው ቅዝቃዜው ሳይጸና በመስከረም ተመለሱ።

የቆዩት ጥቂት ወራት ቢሆንም ፍሬው ብዙ ነው። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። መምህሩ ግን ይህን አላዩም፤ በ1658 በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። አገራቸውንም ዳግመኛ አላዩም።

ከዚህ በኋላ 250 ዓመት ያህል አልፎ፣ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ከ1905 ጀምሮ በበርሊን አማርኛና ግዕዝ አስተምረዋል። እርሳቸው የበረዶውን ወራት እዚያው አሳልፈዋል።

እናንተም እንዲህ ያለ ሥራ ቢገጥማችሁ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ሙቀትን የሚጠብቀው በልብሱ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። አራት እጥፉ ጋቢ የሚያሞቀን ስለዚህ ነው፤ እንግዲህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርባችሁ፣ ከላይ ነፋስና ዝናም የማያስገባ ካፖርት ልበሱ። እግራችሁም አይራስ። ሁለተኛ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ይገድላል። ሦስተኛ፣ ቀኑ ብሩህ በሆነበት ሰዓት ውጡ፤ ሰውም ፈልጉ። በብርድ ወራት ጎረቤት በሩን የሚዘጋው ጠልቷችሁ ሳይሆን ሙቀቱ እንዳይወጣበት ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ሩቅ አገር በግዕዝ የሚያነጋግራቸው ደቀ መዝሙር ነበራቸው፤ ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ከእናንተ ወገን የሄደ ካለ፣ እዚህ የቀራችሁት ደብዳቤ ጻፉለት። ካፖርቱን በዚያ ይገዛዋል፤ የአገሩን ቃል ግን የሚልክለት የአገሩ ሰው ነው።